ከሰፊ ግቢ ወደ ጠባብ ቤት፦ የልጅነት ክረምታችሁን ሳትጥሉ እንዴት ትገባላችሁ?

«እናንተ የእናታችሁን ቤት እንዴት አድርጋችሁ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አስገባችሁት?» ይህ ጥያቄ ለቅሶ ቤት ይደርሰኛል፣ ማኅበር ላይ ይደርሰኛል፣ ፒያሳ ቆሜ ማኪያቶ ስጠብቅ እንኳ ይደርሰኛል። የጠያቂዎቹ ታሪክ ይመሳሰላል። እናት ወይም አባት ብቻቸውን ቀርተዋል። ልጆቹ ተበትነዋል፤ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ባሕር ዳር፣ ሌላው ውጭ አገር። ግቢው ሰፊ ነው፣ አጥሩ በየዓመቱ ጥገና ይፈልጋል። የሚገባበት ቤት ደግሞ አንድ መኝታና አንድ ሳሎን። ትንሽ ቆየት ብሎ ሁለተኛው ጥያቄ ይከተላል፦ «ያ ሁሉ ክረምትስ? ያደግንበት ነገር የት ይገባል?»

ሁሌ ከምደግመው ልጻፈው ብዬ ነው። እኛ ጎንደር፣ አንገረብ በኩል ከነበረ የቆርቆሮ ቤት ወደ ሦስተኛ ፎቅ ነው የገባነው። የተሳሳትንበትንም አልደብቅም።

ሌላውን ብትረሱ ይህን ያዙ፦ መጀመሪያ መዝግቡ፣ ቀጥላችሁ ለዩ፣ መጨረሻ ላይ ጫኑ። ዕቃ ከቆመበት ከተነሳ ወሬውም አብሮት ይነሳል። እኛ «ከባዱን እንገላገል» ብለን ቁም ሳጥኑን ቀድመን አወጣነው። በማግስቱ እማዬ ባዶው ጥግ ጋ ቆማ «ቆይ፣ እዚህ ጋ ምን ነበር?» አለች። ስለዚያ ጥግ መቶ ጊዜ ያጫወተችን ሴት ናት።

መቼ ይጀመር?

ከመጫኛው ቀን ቢያንስ 8 ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ጎንደር ላይ ሰኔ ከገባ ዝናቡ አይታመንም፤ ሐምሌና ነሐሴማ አይነሳም። በዚያ ወቅት ፍራሽና መጽሐፍ በክፍት አይሱዙ መጫን ሻጋታ ገዝቶ መግባት ነው። ከኅዳር እስከ ግንቦት አጋማሽ ያለው ጊዜ ይሻላል። በዚህ መሃል ግን የጥምቀትን ሳምንት ዝለሉት። ከጥር 10 እስከ 12 ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ወደ ፋሲል መዋኛ የሚወስደው መንገድ በሕዝብ ይጨናነቃል፣ መኪና ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። እናታችሁ ጿሚ ከሆነች ሕማማትንም ተዉላት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባለ 5 ሜትር የብረት ሜትር
- 2 ሜትር አቡጀዲ (ለምን እንደሆነ ተራ ቁጥር 3 ላይ ታገኙታላችሁ)
- ለስላሳ እርሳስና የማይለቅ ጥቁር ማርከር
- ባለ ሦስት ቀለም ክር፦ ነጭ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ
- የፓስታ ወይም የሳሙና ካርቶን፣ ከሰፈር ሱቅ። ትልልቅ ካርቶን አትፈልጉ፤ መጽሐፍ ሲሞላበት ቂጡ ይለቃል
- ንጹሕ ማዳበሪያ ለልብስ፣ አሮጌ አንሶላ ለስፌት ዕቃ
- አንድ ጆንያ ጭድ፣ ጋንና እንስራ ካለ
- ስኮች፣ ሲባጎ፣ ሸራ
- ቦታ ያለው ስልክና ሁለት ፍላሽ
- ከሥሩ የተበሳ ጣሳ ወይም ማሰሮ፣ ለተክል
- የወረቀት ፖስታ፣ ለፎቶ

ደረጃዎቹ

1. አዲሱን ቤት ለኩ

ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ካሬ ሜትር ነው። በቁጥር ሲሰማ ብዙ ይመስላል። የክፍሎቹን ርዝመትና ወርድ፣ የበሩን ስፋት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የደረጃውን መታጠፊያ ለኩ። አልጋ በበር ይገባል፤ ችግር የሚፈጥረው ደረጃው ላይ መታጠፉ ነው፣ አሳንሰር የለማ።

ከዚያ አሮጌው ቤት ሳሎን ወለል ላይ የአዲሱን ሳሎን ስፋት በኖራ ወይም በስኮች አስምሩ። እናታችሁ መስመሩ ውስጥ ትቁም። «ቡፌው አይገባም» ብላችሁ ከምትከራከሩ በዓይኗ ትየው። እኛ ቤት ቡፌው ይግባ አይግባ የሚለው ክርክር 3 ሳምንት ፈጅቶ ነበር። በኖራው መስመር በ5 ደቂቃ አለቀ። «ይሄ ለናንተ ይሻላችኋል» ብላ ራሷ ለእህቴ መረቀችላት።

2. ማንም ምንም ሳያነሳ ግቢውን ዙሩ

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። ከእናታችሁ ወይም ከአባታችሁ ጋር ከአጥሩ በር ጀምራችሁ እስከ ጓሮ ድረስ በእግር ዙሩ፤ አንድ ሰው ስልክ ይዞ ድምፅ ይቅዳ። የሚቻል ከሆነ ቢያንስ ሁለት እህትማማች ወይም ወንድማማች ይኑሩ። አንዱ የሳተውን ሌላው ያርማል፣ ጭቅጭቁም ራሱ ወሬ ያወጣል።

«ስለ ልጅነታችን አጫውችን» ብላችሁ አትጠይቁ። «ምን ይወራል፣ ደህና ነበራችሁ» ትላለች፣ በቃ። ጥያቄያችሁ ጠበብ ያለ ይሁን፣ ቦታም ይኑረው፦

- ጣሪያው የሚያፈሰው የት ጋ ነበር? ከሥሩስ ምን ይቀመጥ ነበር?
- ትምህርት ሲዘጋ ከገጠር የሚመጡት የዘመድ ልጆች የት ይተኙ ነበር? ስንት ሆነው?
- የተሰጣው ብቅል በዝናብ ሲያዝ ማን ነበር የሚሮጠው?
- በቆሎ እሸት ሲጠበስ ምድጃው ዳር ማን የት ይቀመጥ ነበር?
- የቡሄ ሙልሙል የት ተጋገረ? ጅራፉን ማን ገመደው?

እማዬን የመጀመሪያውን ስጠይቃት ጣቷን ወደ መኝታ ቤቱ ጥግ ቀስራ «ቢጫዋ ሳፋ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ቀጠለች። ታላቅ ወንድሜ ከሳፋዋ አጠገብ የተለያየ መጠን ያላቸው ጣሳዎች እየደረደረ ጠብታውን በየተራ ያስጮኸው ነበር። እሷ ጭለማ ውስጥ ሆና ትሰማለች፣ እንቅልፍ የወሰዳት መስላ። እኔ ጣሳዎቹን ጭራሽ ረስቻቸው ነበር። እሷ እንደምትሰማ ደግሞ እሱም አያውቅም ነበር።

ስትቀዱ እነዚህን ጠብቁ፦

- ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። በመሃል ስልክ ከተደወለ ቀረጻው ሊቋረጥ ይችላል፣ እናንተም ሳታዩት ግማሽ ሰዓት በከንቱ ታወራላችሁ።
- በአንድ ጊዜ ከ20 ደቂቃ አትለፉ። አዋቂ ሰው ይደክማል፤ አጭር ቅጂ ደግሞ ኋላ ሲፈለግ ቶሎ ይገኛል።
- እያንዳንዱን ቅጂ ስትጀምሩ ቦታውንና ቀኑን በድምፅ ተናገሩ፦ «ኩሽና፣ የካቲት 12»። የፋይሉ ስም ቢጠፋ ድምፁ ይናገራል።
- ቡና ሲወቀጥ አትቅዱ። ሙቀጫው ሁሉንም ይውጠዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ የሞተ ሰው ስም ተነሥቶ እንባ ከመጣ ስልኩን አጥፉትና አብራችሁ ተቀመጡ። የሚያለቅስ ወላጅን መቅረጽ አይገባም፤ ከዚያ በኋላ ስልክ ባያችሁ ቁጥር ዝም ትላለች።

3. የበሩን መቃን ወደ አቡጀዲ ገልብጡት

ብዙ ቤት የልጆች ቁመት የተጫረበት መቃን አለ። እኛ ቤት በየጳጉሜኑ ነበር። አባባ ጭንቅላታችን ላይ መጽሐፍ አስተኝቶ በምስማር ይጭራል። ክረምቱን ስንት እንዳደግን የሚታወቀው ያኔ ነው። መቃኑን ነቅሎ መሄድ አይቻልም፤ በጭቃ ቤት ውስጥ የበሩን መቃን መንቀል ከላይ ያለውን ግድግዳ ሊያወርድባችሁ ይችላል። ቤቱ ተሸጦ ከሆነ ደግሞ በሩ የገዢው ነው። ስለዚህ ምልክቶቹን ገልብጡ፦

ሀ. አቡጀዲውን ቀድማችሁ ውሃ ውስጥ ንከሩትና አድርቁት። አዲስ አቡጀዲ ሲታጠብ ይኮማተራል። ሳትነክሩት ከጻፋችሁበት አንድ ቀን ሲታጠብ ልጆቹ ሁሉ ያጥራሉ።

ለ. ከደረቀ በኋላ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት አድርጋችሁ በቁመቱ ቅደዱት።

ሐ. የታችኛውን ጫፍ ወለሉ ላይ በትክክል አሳርፉና በስኮች አጣብቁ። ከዚያ ወደ ላይ ሳትወጥሩ አቅኑት፤ በየ50 ሴንቲ ሜትሩ ስኮች ያዙበት። ጨርቅ ይለጠጣል፤ ከወጠራችሁት መስመሩ ቦታውን ይስታል።

መ. በእያንዳንዱ ጭረት ትይዩ መጀመሪያ በእርሳስ አስምሩ። ስሙንና ዓመቱን ጻፉ። ሁሉም ከተስማማ በኋላ ብቻ በማርከር ድገሙት። «ያቺ የኔ ናት» የሚል ክርክር መነሳቱ አይቀርም፤ በኛ ቤት ሁለት ጭረቶች እስከ ዛሬ ባለቤታቸው አልታወቀም። በእርሳስ ቀርተዋል።

ሠ. እያንዳንዱ ጭረት ከወለል ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ በብረት ሜትር ለክታችሁ ወረቀት ላይ ለብቻ ጻፉ። ጨርቁ ቢበላሽ ከቁጥሩ እንደገና ይሠራል።

4. የዝናቡን ድምፅ ቅዱ

አዲሱ ቤት ከላዩ የሰው ቤት አለ። የቆርቆሮ ዝናብ ከዚህ በኋላ አትሰሙም። ግንቦት ላይ ቀድሞ የሚመጣ ዝናብ ካለ ስልኩን የታጠፈ ጋቢ ላይ አድርጋችሁ፣ በሩን ዘግታችሁ 10 ደቂቃ ቅዱ። ጋቢው የጠረጴዛውን ንዝረት ያስቀርላችኋል። ከምትለቁት ቤት በገንዘብ የማይገዛው ይህ ብቻ ነው።

5. በክር ለዩ

ዕቃ ላይ ወረቀት መለጠፍ ጥሩ ነው፣ ግን እናታችሁ ፊደል ካልቆጠረች ወይም ዓይኗ ከደከመ ቤቱ በማታነበው ወረቀት ይሞላል። ክር ግን ሁሉም ሰው ያያል። ነጭ ክር አብሮን ይሄዳል። ቀይ ክር ለልጆች ይከፋፈላል። ሰማያዊ ክር ለሰው ይሰጣል። ክር የሌለው ገና አልተወሰነም።

ክሩን የምታስረው ባለቤቷ ናት። እናንተ መቀስ ያዙላት። አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ሰው ይሰለችና ሁሉንም ነጭ ያስራል ወይም ሁሉንም ይጥላል።

የቀዩን ክር ዕቃ ፎቶ አንሥታችሁ የቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ ልቀቁት፤ ለመልስም 2 ሳምንት ስጡ። ይህ ለምን ያስፈልጋል? ውጭ ያለው ወንድም ከ3 ዓመት በኋላ መጥቶ «የአባባ ከዘራ የት ገባ?» ሲል መልስ እንዲኖራችሁ ነው። አንድ ዕቃ ሁለት ሰው ከፈለገው እናት ትፍረድ። እሷ ከሌለች ዕጣ።

6. ትልልቁን ዕቃ ለሚሠራበት ቦታ ስጡት

ጎላ ድስት፣ ትልቅ ሰታቴ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ጋን። እነዚህ የድግስ ዕቃዎች ናቸው፤ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ የሚያገለግሉት ጣት ለመምታት ብቻ ነው። ለእድራችሁ ስጧቸው። እድሩ ያከራያቸዋል ወይም ያውሳቸዋል፤ እናንተም ተዝካር ወይም ሠርግ ሲመጣ ተውሳችሁ ትመልሳላችሁ። ከመሸጥ የሚሻልበት ምክንያት ይኸው ነው። ለቆራሌው የሰጣችሁት ድስት አይመለስም።

ምጣዱን ከመያዛችሁ በፊት አዲሱ ቤት የት እንደምትጋግሩ እወቁ። ብዙ ኮንዶሚኒየም ግቢ የጋራ ማብሰያ ቤት አለው፤ እንጨት የሚነደው እዚያ እንጂ ፎቁ ላይ አይደለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ሊስብ ይችላል። ስለዚህ መስመሩን በኤሌክትሪክ ባለሙያ አሳዩ፣ ከውሃ ማሞቂያ ጋር በአንድ ጊዜ አትክፈቱት።

ማስጠንቀቂያ፦ ከሳጥን ሥር የብራና መጽሐፍ፣ አሮጌ መስቀል ወይም የቆየ ሥዕል ከወጣ አትሽጡት፣ በእርጥብ ጨርቅም አትወልውሉት። ብራና ውሃ ሲነካው ይኮማተራል፣ ቀለሙም ይለቃል። ጎንደር ላይ «አሮጌ ነገር አለ?» እያለ የሚዞር ነጋዴ አይጠፋም። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። መጀመሪያ የከተማውን የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ጠይቁ።

7. ፎቶና ካሴት

ፎቶ፦ የሚጣበቅ ገጽ ያለው አልበም ውስጥ ያለን ፎቶ አትሳቡ። ከነገጹ በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ አንሡት። መነሳት ካለበት ቀጭን የጥርስ ክር ከሥሩ እያሳለፋችሁ ቀስ ብላችሁ አላቁት። ከመስታወት ጋር የተጣበቀውን ጨርሶ አትንኩት፤ ቢሳብ ፊቱ መስታወቱ ላይ ይቀራል። በመስታወቱ ላይ አንሡትና እንዳለ ያዙት።

ከጀርባው ስም ስትጽፉ እርሳስ ተጠቀሙ። ቢክ ይጫናል፣ መስመሩ ፊት ለፊት ይታያል፤ ማርከር ደግሞ አብሮት የተቀመጠውን ያቀልማል። ከዚያ በወረቀት ፖስታ። ፌስታል ውስጥ አታስቀምጡ፤ ክረምት ላይ እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል፣ ፎቶና ፎቶም ይጣበቃል።

ለእህት ወንድም በቴሌግራም ስትልኩ «ፋይል» አድርጋችሁ ላኩ። በተራ ፎቶነት ከላካችሁት ይጨመቃል፣ ዋናው ከጠፋ ያ የደበዘዘው ብቻ ነው የሚቀረው። ሁሉንም ሦስት ቦታ አስቀምጡ፦ ስልካችሁ ላይ፣ ፍላሽ ላይ፣ ሌላ ከተማ ያለ ሰው ጋ።

ካሴት፦ የድሮ ካሴት ላይ የአባታችሁ ድምፅ ሊኖር ይችላል። ውጭ ያሉ ዘመዶች ደብዳቤ በካሴት ይልኩ ነበር፣ ከዚህም መልስ ይሄድ ነበር። ቴፕ ላይ ከማስገባታችሁ በፊት የካሴቱን ጀርባ እዩ። ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ። እነሱን በምስማር ጫፍ ስበሩ። ያኔ በስህተት የመቅጃውን ቁልፍ ብትጫኑ እንኳ አይቀዳበትም። ቴፑን ከኮምፒዩተር ጋር በኬብል አገናኝታችሁ አጫውቱ። የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይፈጃል፣ ማፍጠኛ የለውም። ስለዚህ ሌላ ሥራ እየሠራችሁ ይጫወት።

8. እንሶስላውን ቆፍሩ

ጎንደር ላይ ጓሮ ያለው ሁሉ ይዞት የሚሄደው አንድ ተክል ይኖረዋል። ለኛ እንሶስላ ነበር። እህቶቼ በክረምት ሥሩን ወቅጠው መዳፋቸውንና ጥፍራቸውን ያቀሉበታል፣ ሌሊቱን እጃቸውን በጨርቅ አስረው ያድራሉ፣ ጠዋት የማን ይበልጥ ቀላ ተብሎ ይታያል።

እንሶስላ ከመሬት ሥር ድንች የሚመስል ሥር አለው። በበጋ ግንዱ ይደርቅና የሞተ ይመስላል፤ ዝናብ ሲመጣ ከዚያው ሥር ያቆጠቁጣል። ስለዚህ በበጋ የምትለቁ ከሆነ ገና አረንጓዴ ሳለ ቦታውን በድንጋይ ምልክት አድርጉ፤ ኋላ ጓሮውን በሙሉ አትቆፍሩም። ሥሩን ከነአፈሩ አውጥታችሁ በተበሳ ጣሳ ትከሉት፣ ጥላ ባለበት በረንዳ አስቀምጡት። እስኪያቆጠቁጥ ውሃ አታብዙበት፣ ይበሰብሳል።

ጤና አዳም ቀላል ነው፤ ጣት የሚያህል ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ የታችኛውን ቅጠል ገፍፋችሁ እርጥብ አፈር ላይ ትከሉት። የኮክ ዛፉን ግን ተሰናበቱት። በረንዳ ላይ አይሆንም። ሞክረናል።

9. ልብስና ስፌት

በርኖስና ሌላ የበግ ጠጉር ልብስ ብል ይወደዋል። ከመጠቅለሉ በፊት ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ አስጡት፣ ስፌቱን እየገለጣችሁ በደንብ አራግፉት። የሚበላው ትሉ ነው፣ የሚበረው አይደለም፤ ስለዚህ የሚበርረውን ገድላችሁ አትረኩ። ጋቢና ጥልፍ ቀሚስ በደንብ ሳይደርቁ ማዳበሪያ ውስጥ አይግቡ።

ሞሰብና አገልግል በአንሶላ ይጠቀለሉ፣ በላስቲክ አይደለም። ሣር ነው፤ ከታፈነ ይሻግታል። ሞሰቡ ባዶ አይሂድ፣ ስኒዎቹን በጋዜጣ ጠቅልላችሁ ውስጡ ክተቱ። ክዳኑ ላይ ግን ምንም አትጫኑ።

10. ወረቀቱና እድሩ

የቤት ካርታ፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የባንክ ደብተር፣ መድኃኒት። እነዚህ መኪና ላይ አይጫኑም። በአንድ ቦርሳ፣ በአንድ ሰው ትከሻ። ቀበሌ የምትቀይሩ ከሆነ መሸኛውን ከመጫኛው ቀን በፊት ጨርሱ፣ የመብራትና የውሃ ዕዳ አጣሩ።

ከእድር አትውጡ። ሰፈር ለቀቅን ብለው የሚተዉት አሉ። ይህች ሴት 30 ዓመት ከፍላለች፤ አዲሱ ቦታ ደግሞ ለመግባት መዋጮ አለው። የእድሩን ዳኛ አነጋግሩ፣ ወርኃዊውን የሚያደርስ የቅርብ ሰው ወክሉ።

11. የመጫኛው ቀን

ከባለ መኪናው ጋር ስትዋዋሉ ሦስት ነገር ለይታችሁ ተነጋገሩ፦ ጫኝ ማን ነው፣ አውራጅ ማን ነው፣ ስንተኛ ፎቅ ነው። አዲሱ ሰፈር የራሱ አውራጆች ይኖሩታል። እዚያ ደርሳችሁ በር ላይ ዋጋ መደራደር ማለት ዕቃው ሜዳ ላይ፣ እናንተ ጭንቀት ላይ ማለት ነው። ስለዚህ ከአንድ ቀን በፊት ሂዱና ተነጋገሩ።

ጋንና እንስራ ጭድ ላይ ተቀምጠው፣ ውስጣቸውም ጭድ ገብቶ፣ ወደ ሹፌሩ ጋቢና ተጠግተው ይጫኑ። መኪናው ሲዘል የኋላው የበለጠ ይዘላል። መጨረሻ የሚጫነው መጀመሪያ የሚወርደው ነው፦ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ጀበናና ከሰል ማንደጃ።

እናታችሁን ቀድማችሁ አዲሱ ቤት አድርሷት። እኛ «እዚህ ትዕዛዝ ትስጠን» ብለን እስከ መጨረሻው መኪና አቆየናት። ሁለተኛው ጉዞ መንገድ ላይ ዘገየ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ባዶ ቤት ውስጥ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችን። ስንደርስ ምንም አላለችም። ያ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እናንተ አታድርጉት፤ አዲሱ ቤት ሆና «ያንን እዚህ፣ ይሄንን እዚያ» ትበል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት

- ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት ሰዓት መጣል። «አታውቅም» ብላችሁ ነው። ታውቃለች። ከዚያ በኋላ የተሰበረ ማንኪያ እንኳ አታስነካም፣ ሥራውም በዚያው ይቆማል።
- ለጊዜው ዘመድ ቤት ማስቀመጥ። ቦታ የሌለው ዕቃ ዘመድ ቤትም ቦታ የለውም። ሰማያዊ ክር እሰሩበት።
- ሁሉንም የልጅነት ነገር መያዝ። ከእያንዳንዱ ልጅ አንድ ይበቃል፣ በእጅ የሚያዝ። ከኛ የተያዙት የወንድሜ ሁለት ጣሳዎች፣ የእህቴ የስፌት ወስፌ፣ የኔ የቡሄ ጅራፍ ናቸው። አንድ የጫማ ካርቶን አልሞሉም።
- ቢጫዋን ሳፋ መጣል። ይህ የኛ ስህተት ነው፣ ደረጃ 2ን ዘግይተን ስላደረግነው። ወሬው ሲመጣ ሳፋዋ ሄዳለች።

12. ከገባችሁ በኋላ

በመጀመሪያው ሳምንት ግድግዳ ላይ ምንም አትምቱ። ብርሃኑ ከየት እንደሚገባ ካያችሁ በኋላ ፎቶዎቹን ፀሐይ በማያገኛቸው ግድግዳ ላይ ስቀሉ፤ ፀሐይ ፎቶ ያነጣል።

አቡጀዲውን ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ ስቀሉት። ከላይ ሁለት ምስማር ይበቃል። በሩ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ይላልና ጨርቁ ከበሩ ጫፍ ወርዶ ወለሉን መንካት አለበት። ከበሩ ጫፍ ከጀመራችሁት ሁሉም ልጅ በሁለት ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። የልጅ ልጆቹን በጳጉሜን ለኩበት፣ በሌላ ቀለም። ጫማ ይወልቅ፣ ተረከዝ በሩን ይንካ፣ ጭንቅላት ላይ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ይተኛ። በመዳፍ አትለኩ። አንድ አጎታችን በመዳፍ ነበር የሚለካው፤ ለሚወደው ልጅ ሁልጊዜ ሁለት ጣት ይጨምርለት ነበር።